በእጅ የያዙት ወርቅ፦ የፖል ማክስቴይ ታማኝነትና የውሉ ነገር

ባለፈው ሰሞን ከእህቴ ልጅ ጋር ተቀያየምን። ልጁ እንደ እኔው ሕግ የተማረ ነው። ሥራ የጀመረበት መሥሪያ ቤት በራሱ ወጪ አሠልጥኖት፣ እሱም በምትኩ ሦስት ዓመት ሊያገለግል ፈርሞ ነበር። ሦስቱ ዓመት ሞላና ሌላ ቦታ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ መልቀቂያ አስገባ። እኔም እንደ ትልቅ ሰው፣ «ያሳደገህን ቤት በአንድ ወረቀት ጥለህ ትሄዳለህ? በእኛ ጊዜ ታማኝነት የሚባል ነገር ነበር» ብዬ ተቆጣሁ። ልጁ ጨዋ ነው፤ ድምፁን አልጨመረም። «ጋሼ፣» አለኝ፣ «እርስዎ ሃያ አራት ዓመት አንድ ቦታ የቆዩት ወደው ነው ወይስ መውጫ በር ስላልነበረ?»

መልስ አጣሁ። ሕግ ተምሮ መልስ ማጣት ደግሞ ያሳፍራል። ማታ ነገሩን ሳወጣ ሳወርድ ወደ አእምሮዬ የመጣው ግን የቀድሞው መሥሪያ ቤቴ ሳይሆን አንድ የስኮትላንድ ኳስ ተጫዋች ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1999 ለጥቂት ሳምንታት ሥልጠና ወደ ግላስጎው ሄጄ፣ አንድ ጡረተኛ ሽማግሌ ቤት ክፍል ተከራይቼ ነበር። ከማዕድ ቤታቸው ግድግዳ ላይ አረንጓዴና ነጭ አግድም መስመር ያለው ማሊያ የለበሰ ሰው ፎቶግራፍ ተሰቅሏል። ማን እንደሆነ ስጠይቃቸው ሻያቸው እስኪበርድ ድረስ አወሩልኝ። «እሱ ያልሄደው ሰው ነው» አሉኝ። ስሙ ፖል ማክስቴይ ይባላል። በእንግሊዝኛ «ስቴይ» «ቆይ» ማለት ስለሆነ በስሙ የሚቀልዱ መስሎኝ ነበር። ኋላ ታሪኩን ሳነብ ግን ሽማግሌው ከምር እንደነበሩ ገባኝ።

የዚህን ሰው የኳስ ሕይወት ላስረዳችሁ የፈለግሁት ኳስ ወዳድ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም። በሕግ ዓይን ሲታይ የእሱ ታሪክ አንድ ትልቅ ጥያቄ ያነሳል። መሄድ የማይችል ሰው ሲቆይ ታማኝ ይባላል? ቆይቶ ላገለገለስ የተገለገለበት ወገን ምን ዕዳ አለበት?

የቤት ልጅ

በአውሮፓ እግር ኳስ «በክለቡ ያደገ ተጫዋች» የሚለው ቃል ዛሬ የሕግ ትርጉም አለው። የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበራት ኅብረት ባወጣው ደንብ መሠረት፣ አንድ ተጫዋች ከ15 እስከ 21 ዓመት ባለው ዕድሜው ውስጥ ቢያንስ ሦስት ዓመት በክለቡ ከተመዘገበ የክለቡ ፍሬ ነው ይባላል። ዜግነቱ ከቁጥር አይገባም። ማክስቴይ በተጫወተበት ዘመን ይህ ደንብ አልነበረም። እሱን የሴልቲክ ልጅ ለማለትም ደንብ አያስፈልግም ነበር።

የተወለደው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1964 ከግላስጎው ብዙ በማይርቀው በሃሚልተን ከተማ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ ሴልቲክ ነው ማለት ይቻላል። ዊሊና ጂሚ የተባሉት የአያቱ ወንድሞች በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ የክለቡ አምበሎች ነበሩ። ጂሚ ቆየት ብሎ በጦርነቱ ዘመን አሠልጣኝም ሆኗል። የፖል ታላቅ ወንድም ዊሊም ለሴልቲክ ተጫውቷል። በዚህ ቤት ልጅ ሲወለድ የሚለብሰው ማሊያ ቀለም ቀድሞ የታወቀ ነው።

ክለቡም ቢሆን የአካባቢ ልጆችን በማሳደግ የሚኮራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1967 ሊዝበን ላይ ኢንተር ሚላንን 2 ለ 1 አሸንፎ የአውሮፓን ዋንጫ የወሰደው ቡድን ተጫዋቾች በሙሉ ከሜዳው በ50 ኪሎ ሜትር ገደማ ዙሪያ የተወለዱ ነበሩ። በዚያው ልክ ሴልቲክ የሚሸጥ ክለብም ነው። ኬኒ ዳልግሊሽ በ1977 ወደ ሊቨርፑል፣ ቻርሊ ኒኮላስ በ1983 ወደ አርሴናል ሲሄዱ ደጋፊው በር ላይ ቆሞ ከመሸኘት ሌላ ምርጫ አልነበረውም።

ማክስቴይ ስሙ የተሰማው ገና በተማሪነቱ ነው። በ1980 የስኮትላንድ ተማሪዎች ቡድን የእንግሊዝን አቻውን በዌምብሌ ስታዲየም 5 ለ 4 ሲያሸንፍ ሁለት ጎል አገባ። ጨዋታው በቴሌቪዥን ተላልፏል። በቀጣዩ ዓመት ከሴልቲክ ጋር ፈረመ። በጃንዋሪ 1982፣ ገና የ17 ዓመት ልጅ ሳለ፣ በአሠልጣኝ ቢሊ ማክኒል ቡድን ውስጥ ገብቶ የመጀመሪያ የሊግ ጨዋታውን አበርዲን ላይ ሲያደርግ ጎል አስቆጠረ። በዚያው የውድድር ዘመን ሴልቲክ ሻምፒዮን ሆነ።

አማካይ ተጫዋች ምን እንደሚሠራ ለማያውቅ አንባቢ ሽማግሌው ያስረዱኝን ላካፍል። አጥቂ ጎል ያገባል፣ ተከላካይ ጎል ያድናል፤ አማካይ ግን ጨዋታው በየትኛው በኩል እንደሚሄድና በምን ፍጥነት እንደሚሄድ ይወስናል። ማክስቴይ በሁለቱም እግሩ ረጅምም አጭርም ኳስ የሚያቀብል፣ ኳሱ ከመድረሱ በፊት ቀና ብሎ ሜዳውን ያየ ሰው ነበር። ደጋፊዎቹ «ማኤስትሮ» አሉት፤ የሙዚቃ ጓድ መሪ እንደማለት ነው። ጓዱን የሚመራው ሰው ራሱ መሣሪያ አይጫወትም፤ እሱ ከሌለ ግን ዜማው ይበተናል።

በ1983 በ18 ዓመቱ ለአገሩ ዋና ቡድን ከኡራጓይ ጋር ተጫወተ። በ1985 የስኮትላንድን ዋንጫ አገኘ። በ1986 የሊጉ የመጨረሻ ቀን ሴልቲክ ሴይንት ሚረንን 5 ለ 0 ሲረታ አንዱን ጎል ያገባው እሱ ነው። በዚያው ሰዓት መሪው ሃርትስ በዳንዲ 2 ለ 0 በመሸነፉ፣ ሴልቲክ በጎል ልዩነት ሻምፒዮን ሆነ። በ1988 ክለቡ መቶኛ ዓመቱን ሲያከብር ሊጉንም ዋንጫውንም ጠቅልሎ ወሰደ። ማክስቴይ በተጫዋቾች ማኅበርም በስፖርት ጸሐፊዎች ማኅበርም የዓመቱ ምርጥ ተባለ። ያን ጊዜ 23 ዓመቱ ነበር።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ተረት ይመስል ነበር።

ውሉ ሲያልቅ የማያልቀው እስር

አሁን ወደ ሕጉ ልግባ። በ1980ዎቹ አንድ ተጫዋች ውሉ ሲያልቅ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ነፃ አይሆንም ነበር። ውሉ ቢያልቅም ምዝገባው ከቀድሞው ክለብ እጅ አይወጣም። አዲሱ ክለብ ለዚያ ምዝገባ የዝውውር ክፍያ ካልከፈለ ተጫዋቹ አይንቀሳቀስም። በሌላ አነጋገር የሥራ ውሉ ሞቶ ዕዳው በሕይወት ይኖራል።

ይህ ሥርዓት ቀደም ሲል በጣም የከፋ ነበር። የእንግሊዝ ክለቦች ውሉ ያለቀን ተጫዋች ያለ ፈቃዱ ይዘው ማስቀረት ይችሉ ነበር። ጆርጅ ኢስተም የተባለ ተጫዋች ኒውካስልን ከሶ፣ ዳኛ ዊልበርፎርስ በ1963 አሠራሩ የሰውን የመሥራት ነፃነት ያለ በቂ ምክንያት የሚገድብ ነው ብለው ፈረዱ። በዚህ ምክንያት ክለብ ተጫዋችን የመያዝ አቅሙ ቢላላም የዝውውር ክፍያው ቀጠለ። ሁለቱ ክለቦች በዋጋ ካልተስማሙ ጉዳዩ ወደ ዳኝነት አካል ይሄድ ነበር። የማክስቴይ የቡድን ጓደኛ ብራያን ማክሌር በ1987 ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ ሲሄድ የሆነው ይኸው ነው። ሴልቲክ ብዙ ጠየቀ፤ ዋጋው ግን 850 ሺህ ፓውንድ ሆኖ ተወሰነ።

በዚያ በ1987 ከማክሌር ሌላ ሞ ጆንስተን ወደ ፈረንሳይ፣ ሙርዶ ማክሊዮድ ወደ ጀርመን ሄደዋል። ማክስቴይ ግን ቀረ። በማዶ የሚገኘው ባላንጣው ሬንጀርስ በበኩሉ ከ1986 ጀምሮ በግሬም ሱነስ አሠልጣኝነት ገንዘቡን አፍስሶ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን ተጫዋቾችን ማስመጣት ጀምሮ ነበር። የእንግሊዝ ክለቦች ከሄይሰሉ አደጋ በኋላ ከአውሮፓ ውድድር በመታገዳቸው ወደ ግላስጎው መሄድ ያማልል ነበር። ሬንጀርስ ከ1989 እስከ 1997 ዘጠኝ ጊዜ በተከታታይ ሊጉን ወሰደ።

ማክስቴይ አምበል የሆነው በ1990 ነው። ጊዜውን ልብ በሉልኝ። ክለቡን የሚመሩት ለትውልድ አክሲዮኑን የያዙ ቤተሰቦች ስታዲየሙን አላሳደሱም፣ ቡድኑን አላጠናከሩም፣ ዕዳው ግን ያድግ ነበር። ሴልቲክ ከ1989 የስኮትላንድ ዋንጫ በኋላ ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ዋንጫ አላነሳም። የአምበሉ ምርጥ ዕድሜ፣ ከ25 እስከ 30 ያለው፣ በዚህ ባዶ ዘመን ውስጥ አለፈ።

በ1992 ውሉ ሊያልቅ ደረሰ። ዕድሜው 27 ነበር። በውድድር ዘመኑ መጨረሻ፣ በሜዳው የመጨረሻ ጨዋታ፣ ማሊያውን አውልቆ «ጫካው» ወደሚባለው፣ ደጋፊው ቆሞ ወደሚያይበት ቦታ ወረወረው። ሽማግሌው ይህን ሲነግሩኝ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው አሳዩኝ። ሁሉም ስንብት ነው ብሎ አለቀሰ። በዚያ በጋ ስዊድን በተካሄደው የአውሮፓ ዋንጫ ስኮትላንድ የቀድሞዋን የሶቪየት ኅብረት ሪፐብሊኮች ቡድን 3 ለ 0 ስታሸንፍ የመጀመሪያውን ጎል አገባ። ገበያው የሚያየው በዚህ ጊዜ ነው የሚባል ሰዓት ነበር።

ዝውውሩ ግን እውን አልሆነም። ማክስቴይ ተመልሶ አዲስ ውል ፈረመ።

የእህቴ ልጅ ጥያቄ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው። ወዶ ቀረ ወይስ በሩ ስለጠበበ? የሰውየውን ልብ ከፍቶ ማየት አይቻልም፤ በሩ ግን ምን ይመስል እንደነበር ማየት ይቻላል። ውሉ ያለቀ ሰው በዋጋ ተለጥፎ ነበር የሚቆመው። ስለዚህ «ታማኝ» ብለን ስናወድሰው ግማሹን ምስጋና ለሕጉ መስጠታችን ነው። ሌላውን ግማሽ ግን ማንም ሊወስድበት አይችልም። ተመልሶ የፈረመ ሰው ማኩረፍ ይችል ነበር፤ እሱ ግን ለአምስት ዓመት ከሜዳው ከማንም በላይ ሮጠ።

የቤልጂጉ ሰው ያስከፈተው በር

በሩን ያስከፈተው ታዋቂ ተጫዋች አይደለም። ዣን ማርክ ቦስማን የተባለ ቤልጂጋዊ አማካይ በ1990 ከአርኤፍሲ ሊዬዥ ጋር ያለው ውል አለቀ። ክለቡ ደመወዙን በብዙ ቀንሶ አዲስ ውል አቀረበለት፤ እሱም እምቢ ብሎ ወደ ፈረንሳዩ ዳንከርክ ሊሄድ ፈለገ። ክለቡ ዳንከርክ ገንዘቡን መክፈል መቻሉን ተጠራጠረና የዝውውር ወረቀቱ ሳይሄድ ቀረ። ቦስማን ሥራ የሌለው፣ መሄድም የማይችል ሰው ሆነ። ከሰሰ፤ ክርክሩም አምስት ዓመት ፈጀ።

የአውሮፓ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 15 ቀን 1995 ፈረደ። ምክንያቱን በአጭሩ ላስቀምጠው። ተጫዋች ሠራተኛ ነው። የሮም ስምምነት አንቀጽ 48 ሠራተኛ ከአንድ አባል አገር ወደ ሌላው በነፃ የመንቀሳቀስ መብት እንዳለው ይደነግጋል። ውሉ ባለቀ ተጫዋች ላይ የዝውውር ክፍያ መጠየቅ ይህን መብት ይገድባል፤ ለገደቡም በቂ ምክንያት አልቀረበም። ያን ጊዜ እኔ ከሕግ ትምህርት ቤት ከወጣሁ ጥቂት ዓመታት ነበሩ። የሚገርመው ክለቦቹ ያቀረቡት መከራከሪያ ነው፤ ክፍያው ከቀረ ወጣት የሚያሳድግ ክለብ ለልፋቱ ምን ያገኛል የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ ወጣቶችን ማሳደግ ተገቢ ዓላማ መሆኑን ተቀብሎ፣ መንገዱ ግን ይህ አይደለም አለ።

ፍሬው ለመታየት ብዙ አልቆየም። ከማክስቴይ ጎን ሆኖ አማካይ ስፍራውን ይመራ የነበረው ጆን ኮሊንስ ውሉ ሲያልቅ በ1996 ወደ ሞናኮ ሄደ። ሴልቲክ፣ ሞናኮ የአውሮፓ ኅብረት አባል አይደለችምና ፍርዱ አይመለከታትም፣ ክፍያ ይገባኛል ብሎ ቢከራከርም አልቀናውም። አንድ ዓይነት ማሊያ ለብሰው አንድ ሜዳ ላይ የቆሙ ሁለት አማካዮች ነበሩ፤ አንደኛው በ1992 ዋጋ ተለጥፎበት፣ ሁለተኛው በ1996 ሻንጣውን ይዞ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት የባሕርይ ሳይሆን የአራት ዓመትና የአንድ ፍርድ ነው።

ዕዳው የማን ነው?

ወደ ማክስቴይ ልመለስ። በማርች 1994 ሴልቲክ ለኪሳራ ደቂቃዎች ሲቀሩት፣ ፈርገስ ማካን የተባለ ስኮትላንድ ተወልዶ ካናዳ የኖረ ነጋዴ ክለቡን ተረከበ። ስታዲየሙ ሲፈርስና ሲሠራ ቡድኑ አንድ ዓመት በሃምፕደን ተጫወተ። በኖቬምበር 1994 የሊግ ዋንጫ ፍጻሜ ላይ በአንድ እርከን ዝቅ ካለው ዲቪዚዮን ከመጣው ሬይዝ ሮቨርስ ጋር 2 ለ 2 ወጥተው ወደ ፍፁም ቅጣት ምት አመሩ። የመጨረሻውን የመታው አምበሉ ነበር። በረኛው አዳነበት። ሽማግሌው ይህን ሲተርኩ ዝም አሉ፤ ከዚያ «እሱ ባይመታው ኖሮ ማን ይመታው ነበር?» አሉኝ። ለዓመታት ሌላው የሸሸውን ሸክም የተሸከመ ሰው፣ ሸክሙ የወደቀው ከእሱ እጅ ስለሆነ ብቻ ጥፋተኛ ሆነ።

ስድስት ወር ቆይቶ፣ በሜይ 1995፣ ሴልቲክ ኤርድሪን በቫን ሆይዶንክ ጎል 1 ለ 0 አሸንፎ የስኮትላንድን ዋንጫ ወሰደ። አምበሉ ዋንጫውን አነሳ። በአምበልነት ያነሳው አንዱና ብቸኛው ዋንጫ ይኸው ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ የቦስማን ፍርድ በተሰጠ ሰሞን፣ የክብር ጨዋታ ተዘጋጀለት። የክብር ጨዋታ ማለት ክለብን ለረጅም ዓመት ላገለገለ ተጫዋች ገቢው የሚሰጥበት ግጥሚያ ነው፤ በእኛ አነጋገር ከጡረታ በፊት የሚሰጥ ጉርሻ ልንለው እንችላለን። ያ ዓይነቱ ሽልማት ረጅም አገልግሎት ከሚባለው ነገር ጋር አብሮ እየጠፋ መሆኑን ያን ዕለት ያሰበ ሰው የነበረ አይመስለኝም።

የቁርጭምጭሚት ጉዳት ከ1996ቱ የአውሮፓ ዋንጫ አስቀረው፤ በ1997 ደግሞ በ32 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ። ለሴልቲክ 677 ጨዋታ፣ 72 ጎል። ለስኮትላንድ 76 ጨዋታ፣ 9 ጎል፤ ሁሉንም የሴልቲክ ተጫዋች ሆኖ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1998፣ ሴልቲክ ሊጉን ወስዶ የሬንጀርስን አሥረኛ ከለከለ። ማክስቴይ አልነበረም።

አበው «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይላሉ። የቤት ልጅ ዕጣ ይኸው ነው። ከውጭ የሚመጣው ተጫዋች በጋዜጣ ይታወጃል፣ ዋጋው ይነገራል፣ በዋጋውም ይከበራል። የቤቱ ልጅ ዋጋ ስላልተከፈለበት ዋጋ የሌለው ይመስላል። የሴልቲክ የቀድሞ አመራሮች በእጃቸው ያለውን ወርቅ አሥር ዓመት ሙሉ እንደ መዳብ ያዙት። በዙሪያው ቡድን አልሠሩለትም። እሱ በየሳምንቱ የውሉን ድርሻ ሲወጣ፣ እነሱ የማይጻፈውን የውሉን ግማሽ አልፈጸሙም።

የሕግ ተማሪ መጀመሪያ ከሚማራቸው ነገሮች አንዱ ውል የሁለት ወገን መሆኑ ነው። የእኛም የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1731 በአግባቡ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ ላይ እንደ ሕግ ያስገድዳል ሲል፣ የሚያስገድደው ሠራተኛውን ብቻ አይደለም። እኛ ግን ስለ ታማኝነት ስናወራ ሁልጊዜ የምንጠይቀው ከታች ያለውን ነው። ተጫዋቹ ክለቡን አልካደም ወይ? ሠራተኛው መሥሪያ ቤቱን አልጣለም ወይ? ክለቡ ተጫዋቹን፣ መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛውን ስለመጣሉ የሚጠይቅ ግን አይገኝም።

ቦስማን ሁሉን ነገር አስተካከለ ማለቴ አይደለም። በሩ ሲከፈት ትናንሽ ክለቦች ያሳደጉትን ልጅ በነፃ ማጣት ጀመሩ። ለዚህ ነው በ2001 የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ከ23 ዓመት በታች ላለ ተጫዋች የማሳደጊያ ካሣ ደንብ ያወጣው፤ የአውሮፓ ፍርድ ቤትም በ2010 በኦሊቪዬ በርናር ጉዳይ፣ ካሣው ከማሠልጠኛ ወጪው ጋር የተመዛዘነ እስከሆነ ድረስ ተገቢ ነው ያለው። ልዩነቱን አስተውሉ። ያሳደገ ይካሳል፤ ያደገው ግን አይታሰርም። ከ1963 እስከ 2010 ሕጉ የተጓዘው መንገድ ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ለእህቴ ልጅ ባለፈው እሑድ ደወልኩ። የማክስቴይን ታሪክ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኩት። ሦስት ዓመቱን እንደፈረመው ጨርሷልና ያሳደገው ቤት ካሣውን አግኝቷል፤ ከዚያ በላይ የጠየቅሁት እኔ ነኝ አልኩት። የእኔን ሃያ አራት ዓመትም ቢሆን ግማሹ ፍቅር፣ ግማሹ የጠበበ በር እንደነበር አመንኩለት። ጥቂት ዝም ብሎ፣ «ጋሼ፣ ያ ሽማግሌ ፎቶውን እስከ መጨረሻ አላወረዱትም?» አለኝ። አላወረዱትም አልኩት። ከግላስጎው ስመለስ እዚያው ግድግዳው ላይ ነበር፤ ክለቡ ዋንጫ ባነሳበት ዓመትም፣ ባላነሳበትም።